ሦስት ያረጁ ድራይቨሮች ተገኝተዋል

ጋሽ ፍሬን አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ ሠላሳ አራት ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ነበሩ። ሌላው ሹፌር ቁልቁለቱን እያወራ ሲወርደው፣ እሳቸው ገና ከአፋፉ ማርሽ ቀንሰው፣ ፍሬኑን በጫማቸው ጫፍ እያባበሉ፣ ተሳፋሪው እስኪያዛጋ ድረስ ያዘግማሉ። «ጋሽ ፍሬን የጫኑት ሰው ሳይደርስ የጻፈው ደብዳቤ ይቀድመዋል» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸው አይከፋቸውም። «ደብዳቤው ይቅደም፤ መርዶው ይቅር» ብለው ይመልሳሉ። እውነትም በዚያ ሁሉ ዓመት የሰው ጣት እንኳ አልደማባቸውም።

ከመሪው ያወረዳቸው ዓይናቸው ነው። በግራው ሞራ ወጣበት፤ በቀዶ ጥገና ቢገፈፍላቸውም እንደ ድሮው አልሆነም። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ሲፈርም፣ «ከእንግዲህ እርስዎ ኋላ ይቀመጡ፤ ሌላው ይንዳዎት» አላቸው። ለማጽናናት ነበር፤ ለእሳቸው ግን ስድብ ሆነባቸው።

ቤታቸው ከዋናው መንገድ ፊት ለፊት ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ መስኮቱ ሥር ወንበር አስቀምጠው የሚያልፈውን ሞተር ሁሉ በጆሯቸው ይመረምሩ ጀመር። «ይሄኛው ቀበቶው ላልቷል።» «ያኛው ፍሪሲዮኑን እያቃጠለው ነው፤ እግሩን አንሳ አንተ!» ሹፌሩ አይሰማቸውም። የሚሰሙት ባለቤታቸው ናቸው።

«መንገዱን ለሚነዱት ተውላቸው እንጂ!» ይላሉ ከጓዳ።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። አባቷ ከመስኮቱ ሥር እንደ ተረሳ ሻንጣ መቅረታቸው አንጀቷን በላው። ደንበኞች ጥለዋቸው ከሄዱ ዕቃዎች፣ ከአንዱ ሳጥኑን፣ ከሌላው ስክሪኑን ለቃቅማ አንድ ኮምፒውተር ገጣጠመች። ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ መሪና ሦስት ፔዳልም አመጣች። የአውቶቡስ ጨዋታ ጭናበት አንድ እሑድ ከፊታቸው ደቀነችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አውቶቡስ ነው አባዬ። ተሳፋሪ ትጭናለህ፤ ትነዳለህ።»

«በስተርጅና የሕፃን መጫወቻ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ትንሽ ቆይተው ግን በጎን አዩት። እጃቸውን መሪው ላይ ጣል አደረጉ። እግራቸው ፍሪሲዮኑን ፈልጎ አገኘው። ስክሪኑ ላይ ያለው አውቶቡስ ሲነቃነቅ፣ መሪውም በእጃቸው ውስጥ እንደ እውነተኛ ሞተር ሲንቀጠቀጥ፣ ፊታቸው ምን እንደመሰለ ልጅቱ ለእናቷ ስትነግር እንባዋ መጣ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሸሚዛቸውን ቆልፈው፣ ጫማቸውን አስረው ነው የሚቀመጡት። ከመቀመጣቸው በፊት ኮምፒውተሩን አንድ ዙር ይዞሩታል፤ ሽቦዎቹን ነካ ነካ ያደርጋሉ። «ጎማ እያዩ ነው» ትላለች ልጅቱ። ጨዋታው ውስጥ ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ነበር። ሌሎች ተጫዋቾች በሃያ ደቂቃ የሚወርዱትን እሳቸው በሃምሳ ይወርዱታል። ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ «ዘግይተዋል!» ሲላቸው፣ «ምን አጣደፈህ?» ይሉታል።

ልጅቱ አንዲት ትንሽ ፕሮግራምም ጭናላቸዋለች። ሥራዋ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ጨዋታዎቹንና ድራይቨሮቹን አንድ በአንድ እየፈተሸች፣ አዲስ ነገር ከወጣላቸው መንገርና እሺ ሲባል መተካት ነው። ለአባቷ ዓይን ብላ ፊደሉን አተልቃ፣ በሚያነቡት ቋንቋ አድርጋዋለች። ታዲያ አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩን ቢከፍቱ፣ መሃል ስክሪኑ ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦

«ሦስት ያረጁ ድራይቨሮች ተገኝተዋል። በአዲስ ይተኩ?»

ጋሽ ፍሬን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው አነበቡት። ያው ነው።

«ነይማ አንቺ! ነይና የልጅሽን ጉድ እዪ!»

ባለቤታቸው እጃቸውን እያደራረቁ መጡ። ጎንበስ ብለው ፊደል በፊደል አነበቡና፣ «ሦስት ይላል እኮ» አሉ። «ሁለቱ እነማን ናቸው?»

«አንደኛው እኔ መሆኔን በምን አወቅሽ?»

«ያረጁ ይላላ!»

ጋሽ ፍሬን ስልኩን አነሱ። ልጃቸው ገና ሃሎ ሳትል፣ «መሥሪያ ቤቱ በጡረታ አሰናበተኝ። አንቺ ደግሞ ከገዛ ቤቴ ልታሰናብቺኝ ነው?» አሏት።

ልጅቱ ነገሩ ሲገባት ሳቋ ትን አላት። «ኧረ አባዬ! እዚህ ላይ ድራይቨር ማለት ሹፌር ማለት አይደለም። መሪህ ለብቻው አንድ ዕቃ ነው፤ ኮምፒውተሩም ለብቻው። አንተ መሪውን ስታዞር ‹ወደ ግራ ዞሯል› ብሎ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው፣ መንገዱ ሲጎረብጥ ደግሞ ‹ተንቀጥቀጥ› ብሎ ለመሪው የሚነግረው፣ መሃል ላይ ያለ ትንሽ ፕሮግራም አለ። እሱ ነው ድራይቨር የሚባለው። ለስክሪኑ ሌላ አለ፤ ለድምፁም ሌላ። በቃ ሦስት ሆኑልህ።»



«ይሄማ ታዲያ ረዳት ነው» አሉ ጋሽ ፍሬን። «ስሙን ተሳስታችሁ ነው ያወጣችሁት። ሹፌሩ ያው እኔ ነኝ። ከኋላ ሆኖ ‹ና፣ ና፣ ሙሉ ግራ፣ በቃ!› የሚለው ረዳት ነው።»

«እሺ፣ ረዳት ነው እንበል። ታዲያ ያረጀው ረዳት ይተካ?»

ልጅቱ እንዲያው ለጨዋታ ነው የጠየቀችው። እሳቸው ግን «በኋላ» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ስልኩን ዘጉ፤ ያን ቀን አውቶቡሱን አላስነሱም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጋሽ ፍሬን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሯቸው የሠራ ረዳት ነበራቸው። ፉጨት ነበር የሚባለው። ጠባብ ቦታ ሲገቡ ወርዶ ከኋላ ይቆምና በሁለት ጣቱ ያፏጫል፤ አንዴ ሲያፏጭ ና፣ ሁለቴ ሲያፏጭ ቁም። ሌላ ንግግር አያስፈልጋቸውም ነበር። ዳገት ላይ ሲቆሙ ሞተሩ ሳይጠፋ ታኮው ጎማው ሥር ተወሽቆ ይገኛል። በረዥም መንገድ ላይ ጋሽ ፍሬን እንቅልፍ ሸተት ሲያደርጋቸው፣ ፉጨት ከአንገታቸው አዘነባበል ያውቅና ከወንበራቸው ጀርባ ቆሞ ተረት ይጀምራል። ተረቱ ሁልጊዜ መሃል ላይ ይቋረጣል፤ ምክንያቱም ከተማ ይደርሳሉ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ተረት አልጨረሰላቸውም።

በኋላ መሥሪያ ቤቱ አዳዲስ አውቶቡሶች አስመጣ። በራቸው ራሱ ይዘጋል፤ ኋላቸው በካሜራ ይታያል። የስምሪት ኃላፊው ጋሽ ፍሬንን ቢሮው አስጠርቶ አስቀመጣቸውና፣ «እርስዎ አንጋፋ ነዎት፣ አይዋሹኝም። ይሄ መኪና ረዳት ያስፈልገዋል?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ስለ መኪና የተጠየቁ መስሏቸው ስለ መኪና መለሱ። «አያስፈልገውም።»

በወሩ አርባ ሁለት ረዳቶች ተሰናበቱ። ፉጨት የመጨረሻዋን ቀን ታኮውን በጨርቅ ጠርጎ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠና፣ «ጋሼ፣ ደህና ይሁኑ» ብሎ ሄደ። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ያቺ አንዲት ቃል አልተመለሰችም። ጋሽ ፍሬን ቀሪዎቹን ዓመታት በካሜራው ነዱ። ካሜራው ሥራውን አላጓደለም። ግን ተረት አያወራም። አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ ሲሉ፣ ምን ብዬ ሲሉ፣ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

ከዚያ ጠዋት በኋላ ባሉት ቀናት ጽሑፉ በየማለዳው እየወጣ «ይተኩ?» ሲላቸው፣ እሳቸውም «በኋላ» ሲሉ ሰነበቱ። በመጨረሻ ልጃቸውን፣ «ያ ፉጨት የት ይሆን?» አሏት። እሷ ነገር አትወድም፣ ሥራ ነው የምትወደው፤ ከደንበኞቿ አንዱ የትኬት ሠራተኛ ስለነበር ጠየቀችው። ፉጨት ሩቅ አልሄደም ኖሯል። ድሮ ይሠራበት ከነበረው የአውቶቡስ ተራ በር ላይ ጫማ ይሰፋል።

በማግስቱ ይዛው መጣች። በሩ ላይ ተያዩ።

«ጋሼ! ፀጉርዎ እንዲህ ሸበተ?»

«ያንተስ የት ሄደ?»

«የኔማ ተሳፈረ!» አለና መላጣውን ዳበሰ። ተቃቀፉ። ጋሽ ፍሬን ለረዥም ጊዜ አልለቀቁትም፤ ባለቤታቸው፣ «እንግዲህ ሰውየውን አስገባው፤ በሩ ላይ ልታሳድረው ነው?» እስኪሉ ድረስ።

ፉጨት ኮምፒውተሩን ሲያይ እንደ ልጅ ፈነጠዘ። ወንበር አቀረቡለት፤ «ተቀምጬ አለመድኩም» ብሎ ከጋሽ ፍሬን ጀርባ ቆመ፤ ክንዱን ወንበራቸው መደገፊያ ላይ አሳረፈ። አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ሲወጣ፣ «ቀኝ ነፃ ነው!» አለ። ጋሽ ፍሬን የቀኙን ስፖኪዮ ሳያዩ ወጡ። ጨዋታውን ከጀመሩ ወዲህ ስፖኪዮ ሳያዩ ሲወጡ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ፉጨት በሳምንት ሁለት ቀን መምጣት ጀመረ። ዓይኑ ደህና ስለሆነ ስክሪኑ ላይ የሚጻፈውን እሱ ያነባል። ሲያነብ ድሮ መናኸሪያ ላይ የሚሄዱባቸውን ከተሞች ስም እንደሚጠራው ድምፁን ጎትቶ ነው። «ለጨዋታው አዲስ ነገር መጥቷል! ሦስት ያረጁ ድራይቨሮች!»

«የጨዋታውን ተቀበል፤ ያረጁትን ተዋቸው» አሉ ጋሽ ፍሬን።

ፉጨት «እሺ» የሚለውን ተጫነ። ጨዋታው ታደሰ፤ ተከፈተ፤ አውቶቡሱም ይበልጥ አምሮ ታየ። መሪው ግን ሞተ። ግራ ቢያዞሩት፣ ቀኝ ቢያዞሩት፣ አውቶቡሱ ንቅንቅ አይልም። ለልጅቱ ደወሉ።

«አባዬ፣ ጨዋታው ታደሰ፣ የመሪው ድራይቨር ግን አሮጌ ነው። አሁን አይግባቡም። ‹ይተኩ› የሚለውን ተጫኑ። ግን ኢንተርኔቱ ዘገምተኛ ስለሆነ ትንሽ ትጠብቃላችሁ።»

ተጫኑ። አረንጓዴ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ መጓዝ ጀመረች። ፉጨት ቁጥሩን ይጠራል። «አሥራ ሁለት በመቶ… አሥራ አራት…»

ጋሽ ፍሬን የሞተውን መሪ እንደያዙ ናቸው። 

«አንድ ነገር ልንገርህ» አሉ፣ ዘወር ሳይሉ። ነገሩትም። ቢሮውን፣ ጥያቄውን፣ «አያስፈልገውም» ማለታቸውን። ለራሳቸው ምንም አላሳመሩለትም።

ፉጨት ቁጥር መጥራቱን አቆመ። ክንዱ ከወንበሩ ላይ ተነሳ።

«እርስዎ ነዎት?» አለ። ቀጥሎ ድምፁ ተለወጠ። «አንተ ነህ?»

አንተ ሲላቸው የመጀመሪያው ነበር።

«ስለ መኪናው የጠየቀኝ መስሎኝ…»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኋላህን አየሁልህ። አንተ አንዲት ቀን የኔን ኋላ ማየት አቃተህ?»

ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። ባለቤታቸው ሻይ ይዘው ሲመጡ፣ ጋሽ ፍሬን ብቻቸውን ተቀምጠዋል። መስመሯ ሰባ አንድ ላይ ደርሳለች። መቶ እስክትሞላ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከዚያ፣ «ለውጡ እንዲሠራ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳ» የሚል መጣ። አልነኩትም።

ዘጠኝ ቀን እንደዚያው ቆየ። ልጅቱ፣ «አንድ ቁልፍ እኮ ነው አባዬ፣ ልጫንልህ?» ብትላቸው፣ «ተይው» አሏት። መስኮቱ ሥር ተመለሱ፤ ነገር ግን የሚያልፉትን ሞተሮች መተቸት ትተዋል። ባለቤታቸው ጓዳ ሆነው ጆሯቸውን ቢያቀኑም ድምፅ የለም። ይህ ከሁሉ በላይ አስፈራቸው። አንድ ቀን ራሳቸው መጥተው፣ «ያኛው ጭሱ አልበዛም?» ብለው ሞከሯቸው። «ይብዛ» አሉ ጋሽ ፍሬን።

በአሥረኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ በሩ ተንኳኳ። ፉጨት ነው። የጫማ ቀለም ያልለቀቃቸው እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቶ ገባ። ሰላምታ አልሰጠም። ጋሽ ፍሬን ከወንበራቸው ለመነሳት ሲንደፋደፉ፣ «ተቀመጥ» አላቸው።

«ሰውየው ምን ብሎ ነው የጠየቀህ? ቃል በቃል ንገረኝ።»

«‹ይሄ መኪና ረዳት ያስፈልገዋል?› ነው ያለኝ።»

«‹ፉጨት ያስፈልጋል?› አላለህም?»

«አላለኝም። እንደዚያ ቢለኝማ…» አልጨረሱትም።

 «ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጫማ ስሰፋ የማስበው ይህንኑ ነው» አለ ፉጨት። «እኔን ቢጠይቁኝ ምን እል ነበር? ያ መኪና እውነትም ረዳት አያስፈልገውም። እኔም ያንኑ ነበር የምለው። ግን እኔን ማንም አልጠየቀኝም፣ ጋሼ። እዚያ ላይ ነው የሚያቃጥለኝ። አንተም ከቢሮው ወጥተህ ‹እንዲህ ጠየቁኝ፣ እንዲህ አልኩ› ሳትለኝ አንድ ወር ሙሉ አብረን ነዳን።»

«ፈርቼ ነው።»

«ፍሬን አበዛህ።»

ጋሽ ፍሬን ሳቅ አመለጣቸው፤ ከሳቁ ጋር እንባቸውም ወረደ። በክንዳቸው ጠረጉት። ፉጨት ይቅር ብዬሃለሁ አላለም፤ እሳቸውም አልለመኑትም። ወደ ኮምፒውተሩ ሄደና ስክሪኑን ጎንበስ ብሎ አነበበ። «ይሄ ነገር እስካሁን እንደቆመ ነው?»

«አዎ።»

«ተነስና ና። ምን ያፈዝሃል?»

ከዚያ ቀን ወዲህ አንተ ማለቱን አልተወም። እሳቸውም ወደዱት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እርስዎ ሲላቸው እንዲህ ቀርቧቸው አያውቅም።

ፉጨት ተጫነው። ኮምፒውተሩ ጠፋ፤ ተነሳ። መሪው ከጋሽ ፍሬን መዳፍ ሥር ከእንቅልፉ እንደነቃ እንስሳ እርግፍግፍ አለ። ግራ አዞሩት፤ አውቶቡሱ ግራ አለ። ተሳፋሪው ገባ፤ በሩ ተዘጋ፤ «ቀኝ ነፃ ነው» ተባለ፤ ወጡ።

ተራራው ጋ ሲደርሱ ያላሰቡት ነገር መጣ። ጨዋታው ሲታደስ ዝናብ ተጨምሮበት ኖሯል። መጀመሪያ ነጠብጣብ፣ ከዚያ ዶፍ። መስታወቱ ታወረ።

«መጥረጊያው! መጥረጊያው የቱ ጋ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ያንን ተጫን!»

«እሱ ክላክስ ነው!»

አንዱን ሲነኩ መብራት ይበራል፤ ሌላውን ሲነኩ በሩ ይከፈታል። ለልጅቱ ደወሉ፤ «አባዬ፣ ደንበኛ ፊቴ ቆሟል፣ መልሼ እደውላለሁ» ብላ ዘጋች። ፉጨት ከኋላ ሆኖ መመሪያ ያዥጎደጉዳል፤ ባለቤታቸው ከጓዳ፣ «ኧረ ቀስ በሉ፣ መኪና ገለበጣችሁ እንዴ?» ይላሉ።

ጋሽ ፍሬን እንደ ልማዳቸው ማርሽ ቀነሱ። አውቶቡሱን ከአስፋልቱ ዳር፣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ አቆሙት፤ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ድሮም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። መንገዱ ካልታየ ቆሞ መጠበቅ። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ እነሱ ግን ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ውሃው በመስታወቱ ላይ ሲወርድ ያያሉ። ስክሪኑ «ዘግይተዋል!» አለ። ማንም አልመለሰለትም። ዝናቡ ከድምፅ ማጉያው ውስጥ ጣሪያውን ይደበድባል።

ፉጨት ያን ጊዜ ወንበሩን ሳበና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ።

«ከሥራ የወጣሁ ሳምንት» ብሎ ጀመረ፣ «ምን እንደደረሰብኝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አሉ ጋሽ ፍሬን። እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሱና ወደ እሱ ዞሩ። «ንገረኝ። እስከ መጨረሻው ንገረኝ፤ ዛሬ የትም አንደርስም።»